የትዝታ ዘፈን ምትና ኅብረ ድምፅ

ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ሀብት መሬትና ገንዘብ፣ የብር ዕቃና የማዕርግ ልብስ ብቻ አይደለም። ጆሮም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ርስት ነው። መሬት በግፍ ቢወሰድ በዳኛ ፊት ተከራክሮ ማስመለስ ይቻል ይሆናል፤ የራሱን አገር ዜማ እንደ ስሕተት መቍጠር የጀመረን ጆሮ ግን የሚያስመልስ ዳኛ በቶሎ አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ፣ ሕፃን ሽማግሌው የሚያውቀውን የትዝታን ዘፈን ወስደን ምቱ እንዴት እንደሚቈጠር፣ ድምፆቹ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚስማሙ፣ በዘመናዊ መሣሪያ ሲጫወቱትም ምን እንደሚያገኘው ለተከበሩ አንባቢዎቻችን ለማስረዳት አስበናል።

ለዚህ ያነሣሣን ምክንያት በብዙ የከተማ ቤት የሚታየው ነገር ነው። ወላጆች ልጃቸው ሙዚቃ እንዲማር ወድደው ኪቦርድ የሚባለውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይገዙለታል፤ ይህም ደግ አሳብ ነው። በዓል ሲደርስ ልጁ በእንግዶች ፊት ትዝታን እንዲጫወት ይጠየቃል። በቀኝ እጁ ዜማውን እንደ ሰማው ይመታል፤ በግራ እጁ ከውጭ አገር የመጣው የማስተማሪያ መጽሐፍ ያሳየውን አጃቢ ድምፅ ይጨምርበታል፤ ከዚያም አንዲት ቍልፍ ተጭኖ መሣሪያው ራሱ ከበሮ እንዲመታለት ያደርጋል። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፤ እናትና አባት ደስ ይላቸዋል። ዳሩ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ልጅ የአያቱን ክራር ሲሰማ «ይህ መሣሪያ ድምፅ ይጐድለዋል» ማለት ይጀምራል። ጕድለቱ በክራሩ ነው ወይስ በልጁ ጆሮ? ይህን ለመፍረድ አስቀድሞ የዘፈኑን አሠራር መመርመር ያስፈልጋል።

ትዝታ የሚለው ቃል በቋንቋችን 3 ነገር ያመለክታል። አንደኛ፣ ያለፈውን ነገር ማስታወስና መናፈቅ ነው። ሁለተኛ፣ ይህን ናፍቆት የሚገልጸው ዘፈን ስሙ ትዝታ ነው። ሦስተኛ፣ ዘፈኑ የሚዘፈንበት የድምፅ ሥርዓት፣ ማለት ቅኝቱ፣ ትዝታ ይባላል። ስሜቱና ዘፈኑ፣ ቅኝቱም በአንድ ስም መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ማሕሙድ አሕመድ፣ በዛወርቅ አስፋው፣ አስቴር አወቀና ሌሎችም ብዙ ድምፃውያን እያንዳንዳቸው ትዝታን በራሳቸው መንገድ ዘፍነዋል። በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ከታተሙት የሙዚቃ ስብስቦች መካከልም 10ኛው ለትዝታ የተሰጠ ነው። እንግዲህ ትዝታ የአዝማሪ ቤት ዘፈን ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በሸክላና በካሴት፣ በባንድና በፒያኖም ተጫውተውት ዓለም የሰማው ዘመናዊ ዘፈን ሆኗል።

ስለ ቅኝቱ

በአገራችን ዘፈን የታወቁት ዋና ዋና ቅኝቶች 4 ናቸው፤ እነርሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። እያንዳንዱ ቅኝት 5 ድምፆች አሉት። የፈረንጆቹ ዋና መሰላል ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ የተባሉ 7 ድምፆች አሉት። ሜጀር የሚሉትን ትዝታ በዚህ መሰላል ብንለካው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል። ፋና ሲ በውስጡ የሉም።

ክራር የሚያስተምረን ነገር እዚህ ላይ ነው። ክራር 5 ወይም 6 አውታር አለው፤ 6ኛው ሲኖርም ከ5ቱ ያንዱን ድምፅ በከፍታ ወይም በዝቅታ የሚደግም ነው። ባለ ክራሩ አውታሮቹን በትዝታ ከቃኘ በኋላ ፋን ወይም ሲን ልምታ ቢል አውታር አያገኝላቸውም። እንግዳ ድምፅ በስሕተት እንኳ ሊገባ አይችልም፤ ወደ ሌላ ቅኝት ለመሄድ የፈለገ እንደ ሆነ ቆም ብሎ አውታሩን እንደ ገና መቃኘት አለበት። በፒያኖና በኪቦርድ ላይ ግን 12ቱም ድምፆች አንድ ጊዜ ተዘርግተው ይታያሉ፤ ሁሉም እኩል ለጣት ቅርብ ናቸው። ክራር በአሠራሩ የሚጠብቀውን ሥርዓት በኪቦርድ ላይ የሚጠብቀው የተጫዋቹ ዕውቀት ብቻ ነው።

ስለ ምቱ

ምት ማለት የድምፅ ጊዜ አከፋፈል ነው። ብዙው የአገራችን ዘፈን፣ ትዝታም ጭምር፣ በ6 የሚቈጠር ነው። ይህ 6 በሁለት መንገድ ሊከፈል ይችላል። አንደኛው መንገድ ሁለት ጊዜ ሦስት ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ተብሎ ሲቈጠር ጠንካራው ምት በ1ኛውና በ4ኛው ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው መንገድ ሦስት ጊዜ ሁለት ነው፤ ያን ጊዜ ጠንካራው ምት በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ5ኛው ላይ ይሆናል። የዘፈናችን ውበት ሁለቱ አከፋፈሎች ባንድ ጊዜ ሲሰሙ ይገለጻል። ምቱ ሲፈጥን ሙዚቀኞች ችክችካ የሚሉት፣ ትከሻን ሳይወድ የሚያነቃንቀው ጨዋታ ይሆናል፤ ሲዘገይም የትዝታ እርጋታ ይሆናል።

ይህን በቤት ውስጥ ለመፈተን ምንም መሣሪያ አያሻም። አባት ወይም እናት በቀስታ እስከ 6 እየቈጠሩ በ1ኛውና በ4ኛው ላይ ያጨብጭቡ፤ ልጁም በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ5ኛው ላይ ገበታውን ይምታ። ሁለቱ የሚገናኙት በ1ኛው ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይለያያሉ፤ ደግሞም ይገናኛሉ። በመጀመሪያ ያስቸግራል፤ ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ግን ልጁ እየሣቀ ይይዘዋል፤ አንድ ጊዜ ከያዘውም የሚረሳው አይመስለንም።

እንግዲህ የኪቦርዱን የከበሮ ቍልፍ እንመልከት። ተጫዋቹ መርጦ ካልለወጠው በቀር፣ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት የሚገኘው ምት በ4 የሚቈጠርና እያንዳንዱን ምት ለሁለት የሚከፍል ነው። ትዝታ በዚህ ላይ ሲጫን፣ ለሦስት ሊከፈል የሚገባው ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ ዝግ ብሎ የሚወዛወዘው ዜማ እንደ ወታደር ሰልፍ ይረግጣል። ዜማው ያው ነው፤ ድምፆቹም ያው ናቸው፤ ነገር ግን የሰማው ሰው አንድ ነገር እንደ ጐደለ ያውቃል፤ ምን እንደ ሆነ ግን መናገር ይቸግረዋል።

ከምቱ ጋር ግጥሙም መታሰብ አለበት። በዘፈናችን እጅግ የተለመደው የግጥም ልክ የወል ቤት የሚባለው ነው፤ ይኸውም በአንዱ መሥመር 12 ቀለም ያለውና ከ6ኛው ቀለም በኋላ የሚያርፍ ነው። የትዝታ ዘፋኝ በዚህ ማረፊያ ላይ ትንፋሽ ይወስዳል፤ የመጨረሻውን ቀለም ይስባል፤ ከከበሮው ጥቂት ዘግይቶም ይደርሳል። መሣሪያው በተከፈተው ቦታ ይመልስለታል። ይህ መዘግየት የዐዋቂ ዘፋኝ ምልክት ነው፤ የሚናፍቅ ሰው ንግግሩ ከአሳቡ ኋላ እንደሚቀር ሁሉ፣ የትዝታም ድምፅ ከምቱ ኋላ ይቀራል። ልጅ ከማይለወጥ የመሣሪያ ከበሮ ጋር ብቻ ሲያድግ ግን ይህን መዘግየት እንደ ስሕተት ያየዋል፤ ለማረምም ይቸኵላል።

ስለ ኅብረ ድምፁ

ኅብረ ድምፅ ማለት ልዩ ልዩ ከፍታ ያላቸው ድምፆች ባንድ ጊዜ ሲሰሙ የሚገኘው ስምምነት ነው፤ የሙዚቃ ሰዎች ሃርሞኒ ይሉታል። ከመሰላሉ አንድ አንድ ድምፅ እየተዘለለ 3 ድምፆች ባንድነት ሲመቱ ኮርድ ይባላል፤ ለምሳሌ ዶ፣ ሚ፣ ሶል አንድ ኮርድ ነው።

በአባቶቻችን ዜማ ይህ ዓይነቱ የኮርድ ሥርዓት አልነበረም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ሲዜም ካህናቱ ሁሉ አንዱን ዜማ ባንድ ቃል ያዜማሉ፤ ከበሮውና ጸናጽሉ ምቱን ይሰጣሉ። አዝማሪም በማሲንቆው ባንዷ የጭራ አውታር የሚያወጣው የሚዘፍነውን ያንኑ ዜማ ነው፤ እዚህም እዚያም ጥቂት ያስጌጠዋል። ክራር ሲገረፍ ብዙ አውታሮች ባንድነት ይሰማሉ፤ ሁሉም ግን ከዚያው ከቅኝቱ የወጡ ናቸው። ይህ ሁሉ ሌላ የጥበብ መንገድ ነው፤ ከሌላው ያነሰ ሆኖ ሊቈጠር አይገባውም።

የፈረንጁ ኅብረ ድምፅ በሰፊው የተሰማው የነሐስ መሣሪያ ጓድ ሲቋቋም ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም አግኝተው የተቀበሏቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ፤ የመንግሥቱም የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘውዱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱ ናቸው። አንድ መለከት ባንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ብዙዎች ሲሰለፉ ግን አንዱ ከፍተኛውን፣ ሌላው መካከለኛውን፣ ሌላውም ዝቅተኛውን ድምፅ ተካፍለው ይይዛሉ። ኮርድ የሚባለው ነገር በአገራችን ጆሮ የተለመደው እንዲህ ባለው ጓድ አማካይነት ነው።

አሁን ወደ ትዝታ እንመለስና ሒሳቡን እንሥራ። ከ7ቱ የፈረንጅ ድምፆች 7 ኮርዶች ይወጣሉ፤ በየድምፁ ላይ አንድ አንድ ማለት ነው። ፋና ሲ በትዝታ ውስጥ ስለሌሉ፣ እነርሱ የገቡበትን ኮርድ ሁሉ ብናወጣ 5ቱ ይወድቃሉ። የሚቀሩት 2 ብቻ ናቸው፤ አንዱ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሁለተኛውም ላ፣ ዶ፣ ሚ ነው።

እነዚህን ሁለቱን አስተያይተን እንያቸው። ዶና ሚ በሁለቱም ውስጥ አሉ። ከአንዱ ወደ ሁለተኛው ለመሄድ ሁለት ድምፆች ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ ሶል ብቻ አንድ እርምጃ ወጥታ ላ ትሆናለች። ነገር ግን በዚህች በአንዲት እርምጃ የፊቱ ብርሃን ይለወጣል፤ የመጀመሪያው ኮርድ ብሩህ ነው፤ ሁለተኛው ያዘነ ነው። የሚናፍቅ ሰውም እንዲሁ ነው። ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ ቤቱም ዕቃውም እንደ ነበረ ነው፤ አሳቡ ብቻ አንድ እርምጃ ርቆ ፊቱ ጠቈረ። የትዝታ ኅብረ ድምፅ ከቤቱ ሳይወጣ የሚያዝን ኅብረ ድምፅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ማይነር የሚሉት ትዝታ ደግሞ ሚንና ላን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። በእርሱም ውስጥ ከ5ቱ ድምፆች የሚገኙት ኮርዶች 2 ብቻ ናቸው፤ አሁንም ሁለት ድምፆች ጸንተው ሶል ብቻ ትነቃነቃለች፤ የምትነሣውም በግማሽ ድምፅ ነው፤ በፒያኖ ላይ ከዚህ ያነሰ እርምጃ የለም። አካሄዱ ግን የተገለበጠ ነው። እዚህ መነሻው ኮርድ ያዘነ ነው፤ ሁለተኛው ግን ብሩህ ነው። በሜጀሩ ትዝታ ደስታ ቤት ሆኖ ኀዘን እንግዳ ነው፤ በማይነሩ ኀዘን ቤት ሆኖ ደስታ ብቅ ብላ የምትመለስ እንግዳ ናት። ዘፈኑን የሚወድድ ሰው ይህን ሒሳብ ሳያውቅ በልቡ ሲሰማው ኖሯል።

በማስተማሪያው መጽሐፍ ግራ እጅ የሚለምዳቸው ኮርዶች ግን 3 ናቸው፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፤ ፋ፣ ላ፣ ዶ፤ ሶል፣ ሲ፣ ሬ። በሁለተኛው ውስጥ ፋ፣ በሦስተኛውም ውስጥ ሲ አለች። ሲ ከዶ በታች በግማሽ ድምፅ የምትቀመጥ ናት፤ ሥራዋም ዜማውን ገፍቶ ወደ ቤት ማስገባትና በሩን መዝጋት ነው። ለሰልፍ ዜማና ለብዙ የፈረንጅ ዘፈን ይህ መልካም ነው፤ ነገሩ ተወሰነ፣ ተፈጸመ ያሰኛል። ትዝታ ግን በሩ እንዲዘጋበት አይፈልግም። የናፈቀ ሰው ነገሩ አላለቀለትም፤ ስለዚህ ዘፈኑ ዙሮ ዙሮ ከተነሣበት ይደርሳል፤ እንደ ገናም ይነሣል። ያችን ሲ በየመሥመሩ መጨረሻ ሲያስገቡባት፣ ልጁ በቀኝ እጁ «ናፈቀኝ» ይላል፤ በግራ እጁም «ነገሩ አልቋል» ይላል።

ኅብረ ድምፅን እንጥላለን ወይ?

ከዚህ በላይ ያልነውን ሰምቶ «እንግዲያስ ፒያኖውን እንሽጠውና ወደ ክራር ብቻ እንመለስ» የሚል ይኖር ይሆናል። አሳባችን እንዲህ አይደለም። ሥራውን በዕውቀት የሠሩ ሰዎች መንገዱን አሳይተዋል። የኬቮርክ ዘመድ የሆኑት ነርሲስ ናልባንዲያን፣ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአገሩን ዜማ ለብዙ መሣሪያዎች እያዘጋጁ ደክመዋል። በ1936 ዓ.ም. በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄም በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ በቦስተን ተምረው፣ ባለ 5 ድምፁን ቅኝት ከጃዝ ኅብረ ድምፅ ጋር አዋሕደው ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ስልት አስገኝተዋል፤ በፈረንጆች ቍጥር በ1966 እና በ1972 በኒው ዮርክ ያሳተሟቸው ሸክላዎች የዚህ ምስክር ናቸው።

ዐዋቂ ሰው ኅብረ ድምፅ ሲጨምር ብዙ መንገድ አለው። አንዳንድ ጊዜ ከቅኝቱ ሳይወጣ ዶንና ሶልን ብቻ፣ ወይም ሬን፣ ሶልንና ላን ባንድነት ይመታል፤ እነዚህ ክራር ሲገረፍ ከሚሰማው ድምፅ ጋር ይቀራረባሉ። አንዳንድ ጊዜ በዝቅተኛው ድምፅ ዶን ብቻ ይዞ እንደ በገና እንዲያስተጋባ ይተዋል። አንዳንድ ጊዜም ፋን ወይም ሲን ዐውቆ ያስገባታል፤ የሚያስገባት ግን እንግዳ መሆኗን ዐውቆ፣ በቦታዋና በጊዜዋ፣ ዜማውን ሳትሸፍን ነው። ባለማወቅ የገባ እንግዳ ግን ባለቤቱን ከመደቡ ያስነሣል። ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

ለወላጆች

ይህ ከሆነ ዘንድ በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ልጁ ትዝታን በኪቦርድ ከመጫወቱ በፊት በድምፁ ይዝፈነው፤ ከዚያም ከክራር ወይም ከማሲንቆ ይስማው፤ ሕያው ተጫዋች ባይገኝ የተቀረጸ ድምፅ ይበቃል። ሁለተኛ፣ የመሣሪያው ከበሮ ይዘጋና ቤተ ሰቡ በእጁ ያጨብጭብለት፤ ከላይ የገለጽነው የ6 ቍጥር ጨዋታ ለዚህ ይረዳል። ሦስተኛ፣ ግራ እጁ ለጊዜው ሁለቱን ኮርዶች ብቻ ይያዝ፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶልን፣ ቀጥሎም ላ፣ ዶ፣ ሚን እየለዋወጠ ሶል ወደ ላ ስትወጣ ምን እንደሚሰማው ይጠየቅ። መልሱ ትክክል ቢሆን ባይሆን ግድ የለም፤ መጠየቁ ራሱ ጆሮን ይከፍታል። አራተኛ፣ መምህሩ ሦስተኛውን ኮርድ ለማስገባት ቢፈልግ ምክንያቱን ይንገረው፤ ያለ ምክንያት የገባ ድምፅ ያለ ምክንያት እንደ ተነገረ ቃል ነው።

ቀደም ባለው ዘመን መኳንንቱና ወይዛዝርቱ በአዳራሽ ተቀምጠው አዝማሪ ሲሰሙ፣ የግጥሙን ሰምና ወርቅ መለየት የጨዋ ልጅ ምልክት ነበር። ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሣቀ ሰው ባልንጀሮቹ ይታዘቡት ነበር። ድምፅም እንዲሁ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ማንም የሚያፏጨው ዜማ ነው፤ ወርቁ ግን በ6 ቍጥር ውስጥ የተሸሸገው ሁለተኛው ምት፣ ከሶል ወደ ላ የምትደረገውም አንዲቱ እርምጃ ነው። ልጆቻችንን ግጥም እንዳስተማርናቸው ይህንንም ብናስተምራቸው፣ ኪቦርዱን ሳይጥሉ ክራሩን ያከብራሉ፤ የዓለሙንም ሙዚቃ ሲማሩ ከራሳቸው ጋር እያስተያዩ በማስተዋል ይማራሉ። ወላጆች ሁሉ በመጪው በዓል፣ እንግዶች ከመድረሳቸው በፊት፣ ይህን ጥቂት ሥራ ከልጆቻቸው ጋር እንዲሞክሩት በትሕትና እናሳስባለን።